ከኮርኒሱ በላይ ያለው የጭስ መንገድ፦ የንግድ ሕንፃዎች የአየር ቱቦዎች ከእሳት እንዴት ይጠበቃሉ?

በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ብስራተ ገብርኤል ስሙን የወረሰው ከደብሩ ነው። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ግራና ቀኙን ሲመለከት ዓይኑ የሚያርፈው በፎቅ ሕንፃዎች ላይ ነው። የብዙዎቹ አጠቃቀም ይመሳሰላል። ከምድር በታች መኪና ይቆማል፤ በመሬት ወለሉ ላይ ካፌ፣ ምግብ ቤት ወይም ሥጋ ቤት ይከፈታል፤ ከዚያ በላይ ሱቅ፣ ክሊኒክና ቢሮ ይከራያል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንግዳ ያድራል ወይም ቤተሰብ ይኖራል።

ይህ አጠቃቀም የብስራተ ገብርኤል ብቻ አይደለም። በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በደብረ ብርሃንም የንግድ ሕንፃ ሲሠራ በአብዛኛው ይህንኑ መልክ ይይዛል። ለገበያ፣ ለሕክምና ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ ከገጠር የሚመጣ አርሶ አደር የሚያድረው፣ ሥራ ፍለጋ ከተማ የገባ ልጁም በአስተናጋጅነት ወይም በማብሰል ሥራ የሚቀጠረው እንዲህ ባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሕንፃው ደኅንነት የባለሀብቱና የመሐንዲሱ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እሳት ሲነሣ ሰው የሚፈልገው ደረጃውን ነው። ጭስ ግን ደረጃ አይጠብቅም። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከዓይን ተሰውሮ፣ ከወለል ወለል የተዘረጋ ሌላ መንገድ አለው። ያ መንገድ የአየር ቱቦ ነው፤ የሙያው ሰዎች ዳክት ይሉታል። ጥበቃ ያልተደረገለት ቱቦ በአንድ ክፍል የተነሣን እሳት የመላው ሕንፃ አደጋ ሊያደርገው ይችላል።

የአየር ቱቦ ምንድን ነው?

በንግድ ሕንፃ ውስጥ የአየር ቱቦ ብዙ አገልግሎት ይሰጣል። ንጹሕ ወይም የቀዘቀዘ አየር ወደ ክፍሎች ያስገባል፤ ከመጸዳጃ ቤት መጥፎ ሽታ ያወጣል፤ ከምድር ቤቱ የመኪና ጭስ ይስባል፤ ከምግብ ቤት ምድጃ ላይ የሚነሣውን ጭስ፣ እንፋሎትና የቅባት ተን ይዞ ወደ ጣሪያ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ዚንክ ከተቀባ ስስ ላሜራ ነው። በየክፍሉ ኮርኒስ ላይ የሚታዩት ወንፊት መሰል መስኮቶች የቱቦው አፎች ናቸው፤ ቀሪው አካሉ ከኮርኒሱ በላይ ተሰውሮ ይኖራል።

ቱቦው ሥራውን ለመሥራት ግድግዳና ወለል መብሳት ግድ ይሆንበታል። የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕንፃ ሲነደፍ እሳትን ለመግታት ሲባል በክፍልፋዮች ይከፈላል። በእነዚህ ክፍልፋዮች መካከል ያለው ግድግዳና ወለል እሳትን ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ60 ወይም ለ120 ደቂቃ፣ እንዲያግድ ታስቦ ይሠራል። በገጠር ጎተራው ከመኖሪያው ጎጆ ራቅ ብሎ የሚሠራው አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ነው። በከተማ ሕንፃ ውስጥ ርቀት ስለሌለ የርቀቱን ሥራ የሚሠራው ግድግዳው ነው። ግድግዳው ተበስቶ ስስ ላሜራ ከተሻገረበት ግን የ120 ደቂቃው ግድግዳ እሳትን የሚያግደው ያ ላሜራ በሚቆምበት ጊዜ ልክ ብቻ ይሆናል።

የላሜራው ጉልበት ደግሞ ብዙ አይደለም። የግንባታ ዕቃዎች እሳትን መቋቋማቸው በሚለካበት መደበኛ የእቶን ፍተሻ ሙቀቱ በ30ኛው ደቂቃ 840፣ በ60ኛው ደቂቃ ደግሞ 945 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይደርሳል። ብረት ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን ያጣል። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። በተጨማሪም ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 10 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቱቦ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ቢጨምር 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ርዝመት መሄጃ ካጣ ቱቦው ይጎብጣል፣ መጋጠሚያው ይፈታል፣ በግድግዳው ዙሪያ የተለሰነውም ይፈርሳል። ማንጠልጠያው ሲላላ ደግሞ ቱቦው ይወድቅና በግድግዳው ላይ ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል።

ከነበልባሉ ይልቅ ጭሱ

በሕንፃ እሳት ብዙ ሰው የሚሞተው ነበልባል አግኝቶት ሳይሆን ጭስ አፍኖት ነው። ይህ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። በብርድ ሌሊት በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎች ዜና በየጊዜው ይሰማል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው። ከደም ጋር የመጣመር ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ ሰውየው እየተነፈሰ አየር ያጣል። ፎም፣ ፕላስቲክና ምንጣፍ ሲቃጠሉ ከዚህም የከፉ መርዞች ይጨመሩበታል።

የዚህን እውነት ለዓለም ካሳዩ አደጋዎች አንዱ ኅዳር 12 ቀን 1973 ዓ.ም. በአሜሪካዋ ላስ ቬጋስ ከተማ በኤምጂኤም ግራንድ ሆቴል የደረሰው ነው። እሳቱ የተነሣው በማለዳ፣ በመሬት ወለሉ ላይ ከነበረ ምግብ ቤት፣ በኤሌክትሪክ ብልሽት ምክንያት ነበር። በአደጋው 85 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱ የሚበዙት የተገኙት እሳቱ በነደደበት ወለል ላይ ሳይሆን ብዙ ፎቅ ከፍ ብሎ በሚገኙት የመኝታ ወለሎች ነበር። እሳቱ ወደ እነርሱ አልወጣም፤ የወጣው ጭሱ ነው። የተጓዘውም በደረጃዎችና በአሳንሰር ጉድጓዶች፣ ሕንፃው በርዕደ መሬት ጊዜ እንዲላወስ በተተዉ ክፍተቶችና በአየር ማስተላለፊያው ሥርዓት በኩል ነበር። ማራገቢያዎቹ አለመቆማቸውም ጭሱን ይበልጥ አሰራጭቷል። ከታች ምግብ ቤት፣ ከላይ መኝታ የሆነው የዚያ ሆቴል አጠቃቀም ዛሬ በብስራተ ገብርኤልም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የተለመደ ነው።

ከፈቃድ በኋላ የሚበሳ ግድግዳ

በከተሞች የንግድ ሕንፃ ብዙ ጊዜ አጥንቱ አልቆ፣ ክፍሎቹ ባዶ ሆነው ለኪራይ ይቀርባሉ። ክፍሉ ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚታወቀው ተከራዩ ሲመጣ ነው። ዛሬ የልብስ መሸጫ የነበረው ክፍል በዓመቱ ጥብስ ቤት ይሆናል። ጥብስ ቤቱ የጭስ መሳቢያ ያስፈልገዋል፤ መሳቢያው ቱቦ ይፈልጋል፤ ቱቦው ደግሞ ወደ ውጭ መውጫ። በዚህ ጊዜ አንድ ባለሙያ መሮና መሰርሰሪያ ይዞ ይመጣና ግድግዳውን ይበሳል፤ ወይም በሕንፃው መካከል ለውኃና ለኤሌክትሪክ መስመር በተተወው ቀጥ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ቱቦውን ያሳልፋል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው በቱቦውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ይህ ክፍተት አንዳንዴ እንዲሁ ይተዋል፤ አንዳንዴ የሲሚንቶ ከረጢት ይጎሰጎስበታል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ለበርና ለመስኮት መግጠሚያ በሚውለው በተለመደው የሚነፋ ፎም ይሞላል። ቀጥሎ ጂፕሰም ኮርኒስ ይለበጥና ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። ፎሙ ግን ከተራው የግንባታ ፎም ከሆነ እሳት ሲነካው የሚጠፋ እንጂ የሚያግድ አይደለም። በደረቅ ሣር የተደፈነ የአጥር ቀዳዳ ከብት እንደማያግድ ሁሉ፣ በተራ ፎም የተደፈነ ግድግዳም እሳትን አያግድም።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው አደጋ የቱቦው መሸፈኛ ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚያስተላልፍ ቱቦ እንዳይሞቅና ውኃ እንዳያልበው በመሸፈኛ ይጠቀለላል። መሸፈኛው ከድንጋይ ሱፍ የተሠራ ከሆነ እስከ 1,000 ዲግሪ ገደማ ሳይቀልጥ ይቆያል። በርካሽነቱ የሚመረጠው ፖሊስታይሪን ፎም ከሆነ ግን በእሳት ጊዜ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ጥቁርና መርዛማ ጭስም ያወጣል። ሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም. በጀርመን ዱስልዶርፍ አውሮፕላን ማረፊያ 17 ሰዎች የሞቱበት እሳት የተነሣው ከሕንፃው በላይ ባለው መንገድ ላይ ይካሄድ ከነበረ ብየዳ ነው። ፍንጣሪው ከታች ባለው ኮርኒስ ውስጥ የነበረውን የፖሊስታይሪን ፎም አቀጣጠለ። ሰው ከበታቹ ሲመላለስ እሳቱ ከኮርኒሱ በላይ ሲበላ ቆየ። ለኢትዮጵያ ከተሞች ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ተከራዮች ገብተው በሚሠሩበት ሕንፃ ውስጥ ብየዳ የየዕለት ሥራ ነውና።

የማድቤት ቱቦ ለምን ይለያል?

ከአየር ቱቦዎች ሁሉ አደገኛው ከማድቤት የሚወጣው ነው። ሌሎቹ ቱቦዎች እሳትን የሚያሳልፉ ናቸው፤ የማድቤቱ ግን ራሱ የሚነድ ነገር በውስጡ ያከማቻል። ሥጋ ሲጠበስ፣ ቅቤ ሲነጠር፣ በጾም ወራት ደግሞ አሳና ሳምቡሳ በዘይት ሲጠበስ የሚነሣው ተን የቅባት ቅንጣቶችን ይዞ ይወጣል። ተኑ በቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ሲያርፍ ይረጋል። ከቀን ወደ ቀን እየተደራረበ ወፍራም፣ ተለጣፊና ቡናማ ሽፋን ይሆናል። ከሳምንት በኋላ የማይታይ፣ ከዓመት በኋላ ግን ከምድጃው እስከ ጣሪያው የተዘረጋ የነዳጅ ክር ማለት ነው።

የምግብ ዘይት ክትትል ካልተደረገለትና ሙቀቱ 370 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ ያለ ክብሪት በራሱ ይቀጣጠላል። ነበልባሉ ወደ መሳቢያው ተስቦ የተከማቸውን ቅባት ካገኘ ማራገቢያው እንደ ወናፍ ሆኖ ያቀጣጥለዋል። በከሰል የሚጠብሱ ቤቶች ደግሞ ፍንጣሪው በቀጥታ ወደ ቱቦው ስለሚወጣ አደጋው የበረታ ነው። የማድቤት ሠራተኛ ምድጃው ላይ ያለውን እሳት አጥፍቶ ሲያበቃ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው እሳት ከሦስት ፎቅ በላይ ባለ መኝታ ክፍል ግድግዳ ጀርባ እየነደደ ሊሆን ይችላል።

በሚነድ ዘይት ላይ ውኃ መድፋትም ሞት የሚያስከትል ስሕተት ነው። አንድ ሊትር ውኃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ሊትር በላይ ይሆናል፤ የሚነደውንም ዘይት ይዞ ይረጨዋል። ስለዚህ በትልልቅ ማድቤቶች የሚመከረው በምድጃውና በመሳቢያው ላይ የሚገጠም፣ የፖታሲየም ጨው ያለበትን ፈሳሽ የሚረጭ የማጥፊያ ሥርዓት ነው። ፈሳሹ ከትኩሱ ዘይት ጋር ሲገናኝ እንደ ሳሙና ያለ አረፋ ፈጥሮ ይሸፍነዋል። ሥርዓቱ ሲሠራ የጋዙ ወይም የኤሌክትሪኩ መስመር አብሮ እንዲቋረጥ መደረግ አለበት፤ አለዚያ የጠፋው ዘይት ተመልሶ ይቀጣጠላል።

ሦስቱ የመከላከያ መንገዶች

የእሳት ደኅንነት ባለሙያዎች የአየር ቱቦን በሦስት መንገዶች ይጠብቃሉ። ሦስቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው።

የመጀመሪያው የእሳት መዝጊያ ነው፤ በሙያው ዳምፐር ይባላል። ቱቦው እሳት የሚያግደውን ግድግዳ በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ የሚገጠም የብረት መዝጊያ ነው። በተለመደው ዓይነት መዝጊያውን ከፍቶ የሚይዘው በ72 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ማያያዣ ነው። ማያያዣው ሲቀልጥ መዝጊያው ይወድቅና መንገዱን ይዘጋል። ድክመቱ ግን ቀዝቀዝ ያለ ጭስ ማያያዣውን ሳያቀልጥ ሊያልፍ መቻሉ ነው። ስለዚህ ሰው በሚተኛባቸው ሆቴሎችና ሆስፒታሎች ጭስ ጠቋሚ መሣሪያ ሲያዝዘው በሞተር የሚዘጋ ዓይነት ይመረጣል። ጠቋሚው አየር አስገቢውን ማራገቢያም አብሮ ማቆም አለበት።

መዝጊያው መቀመጥ ያለበት በግድግዳው ውስጥ ነው፤ ከግድግዳው ራቅ ብሎ በቱቦው ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መዝጊያ ቱቦው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። እጅ የሚያስገባ የመፈተሻ በርም ከአጠገቡ ሊኖረው ይገባል። በር የሌለው መዝጊያ ማንም አይፈትሸውም፤ ያልተፈተሸ መዝጊያ ደግሞ በአቧራና በዝገት ተይዞ በሚፈለግበት ሰዓት ላይዘጋ ይችላል። የብሪታንያ የአሠራር ደረጃ ፍተሻው በየዓመቱ እንዲደረግ ይመክራል።

ሁለተኛው መንገድ ቱቦውን እሳት በሚያግድ ግንብ ወይም ሰሌዳ መክበብ ነው። ቱቦው ከታች እስከ ላይ በብሎኬት ወይም በካልሲየም ሲሊኬት ሰሌዳ በተሠራ የራሱ ጉድጓድ ውስጥ ያልፋል። ሦስተኛው ደግሞ ቱቦው ራሱ እሳትን እንዲቋቋም ሆኖ መሠራቱ ነው፤ ወፈር ካለ ብረት ተሠርቶ፣ በድንጋይ ሱፍ ተጠቅልሎ ወይም እሳትን በሚቋቋም ነገር ተለብጦ፣ ማንጠልጠያውም ከሙቀቱ ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ይገጠማል።

እንዲህ ያለው ቱቦ የሚፈተሸው በሁለት በኩል ነው፤ እሳቱ ከውጭ ሲሆንና ከውስጥ ሲሆን። የሚጠየቀውም ሦስት ነገር ነው። ሳይወድቅ መቆም፣ ነበልባልና ትኩስ ጋዝ አለማሳለፍ፣ እሳት በሌለበት ወገን ያለውም ገጽ ከመጠን በላይ አለመሞቅ። በዓለም አቀፍ ፍተሻ የዚያ ገጽ ሙቀት በአማካይ ከ140 ዲግሪ በላይ መጨመር የለበትም፤ ከዚያ ካለፈ በቱቦው ላይ የተደገፈ እንጨት ወይም ካርቶን ሊቀጣጠል ይችላል።

ለማድቤት ቱቦ የመጀመሪያው መንገድ አይሠራም። መዝጊያው በቅባት ስለሚለበጥ አይዘጋም፤ እርሱ ራሱም የቅባት ማከማቻ ይሆናል። ስለዚህ የማድቤት ቱቦ ከሌሎች ቱቦዎች ጋር ሳይቀላቀል፣ እሳትን በሚያግድ የራሱ ጉድጓድ ውስጥ ወይም እሳትን በሚቋቋም አሠራር እስከ ጣሪያው ድረስ መውጣት ይኖርበታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 96ኛ ደረጃ ቱቦው ቢያንስ 1.37 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት ተሠርቶ መጋጠሚያው ቅባት እንዳያፈስ ሆኖ እንዲበየድ፣ ጥበቃ ካልተደረገለት ደግሞ ከሚቃጠል ነገር 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዲርቅ ያዝዛል። የቅባት ክምችቱ የሚታይበትንም ጊዜ ይወስናል፤ በከሰልና በእንጨት ለሚያበስሉ በየወሩ፣ ብዙ ለሚያበስሉ በየ3 ወሩ፣ መካከለኛ ለሆኑ በየ6 ወሩ፣ ጥቂት ለሚያበስሉ በዓመት አንድ ጊዜ።

ክፍተቶቹስ? በቱቦው ዙሪያ ያለው ክፍተት የሚሞላው በድንጋይ ሱፍና እሳትን ለመቋቋም በተፈተሸ ማሸጊያ ነው። አንዳንዱ ማሸጊያ ሙቀት ሲነካው እያበጠ ቀዳዳውን የሚዘጋ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ እንደነበር ይታወሳል። እንዲህ ያለ መናወጥ በቱቦ ዙሪያ የተለሰነውን ሊሰነጥቅ ስለሚችል፣ ከመናወጥ በኋላ ግድግዳን ብቻ ሳይሆን ከኮርኒስ በላይ ያለውንም ማየት ያስፈልጋል።

ሕጉና የኃላፊነት ክፍፍል

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። የሕዝብ መገልገያዎች፣ ፋብሪካዎችና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሕንፃዎች የሚወድቁት በምድብ ሐ ነው። በብስራተ ገብርኤል ዋና መንገድ ዳር የሚታዩት ባለ ብዙ ፎቅ የንግድ ሕንፃዎች የሚመደቡት እዚህ ነው። አዋጁ ፕላን በሕንፃ ሹም እንዲመረመር፣ የዚህ ምድብ ሕንፃም የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳያገኝ አገልግሎት እንዳይሰጥ የሚል ሥርዓት ዘርግቷል።

አስቸጋሪው ነገር ፈቃዱ የሚመለከተው ሕንፃው ሲጠናቀቅ የነበረውን ሁኔታ መሆኑ ነው። ቱቦ የሚዘረጋውና ግድግዳ የሚበሳው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። አከራዩ "ተከራዩ ያሠራው ነው" ይላል፤ ተከራዩ "ሕንፃው የእኔ አይደለም" ይላል፤ ቱቦውን የገጠመው ባለሙያም የተዋዋለው ጭሱን ለማውጣት እንጂ ግድግዳውን ለመድፈን አይደለም። በሦስቱ መካከል ቀዳዳው ባለቤት ያጣል። ይህን ለመከላከል ቀላሉ መንገድ በኪራይ ውሉ ላይ መጻፍ ነው፤ ግድግዳ ወይም ወለል የሚበሳ ማንኛውም ሥራ አስቀድሞ ለባለቤቱ ይቀርባል፣ በባለሙያ ይታያል፣ ቀዳዳው ኮርኒስ ሳይለበጥበት ፎቶ ይነሣል።

ሕንፃው ራሱ ጊዜ መግዛት የሚኖርበት ሌላም ምክንያት አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን እሳት ለመቆጣጠር የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪኖች እንቅፋት እንደነበር የከተማዋ አስተዳደር በወቅቱ ገልጿል። ያ አደጋ እዚህ የሚነሣው ስለ ቱቦ ሳይሆን ስለ ጊዜ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪደርሱ፣ ቱቦ ዘርግተው ውኃ እስኪያገኙ፣ ደረጃ እስኪወጡ ደቂቃዎች ያልፋሉ። እነዚያን ደቂቃዎች ለተኛው እንግዳ የሚያስገኝለት የግድግዳው መቆምና የቱቦው መዘጋት ነው።

ምን ይደረግ?

የሕንፃ ባለቤት በመጀመሪያ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ወጪው ጥቂት ነው፤ መሰላልና ባትሪ ይዞ፣ ከባለሙያ ጋር ሆኖ ኮርኒስ ማንሣት። የሚታየውም ይህ ነው፦ ቱቦዎች ግድግዳ በሚያቋርጡበት ቦታ ክፍተት አለ ወይ? የተሞላው በምንድን ነው? መዝጊያ አለ ወይ? ካለስ ሲሞከር ይዘጋል ወይ? የማድቤቱ ቱቦ ከመጸዳጃ ቤት ወይም ከመኝታ ክፍል ቱቦ ጋር ተቀላቅሏል ወይ? ይህ የመጨረሻው ከተገኘ ለነገ የሚባል አይደለም።

የምግብ ቤት ባለቤት በመሳቢያው ውስጥ ያለውን የቅባት ማጣሪያ በየዕለቱ ወይም በየሳምንቱ እንደ ሥራው ብዛት ማጠብ፣ ቱቦውንም እስከ ጣሪያው ድረስ በባለሙያ ማስጠረግ ይኖርበታል። መሳቢያው ሲያበራ ቱቦው ግን ካልተጠረገ ጽዳቱ ለእንግዳ ዓይን ብቻ ነው። የመጥረጊያ በር የሌለው ቱቦ ካለ በር ይውጣለት። ለሠራተኞች ደግሞ ሦስት ነገሮች በቃል እስኪታወቁ መነገር አለባቸው፤ የጋዙ መዝጊያ የት እንደሆነ፣ በሚነድ ዘይት ላይ ውኃ እንደማይደፋ፣ የምድጃው እሳት ቢጠፋም ቱቦው ሳይታይ ሥራ እንደማይቀጥል።

ብየዳ የሚያሠራ ሁሉ በዙሪያው ያለውን የሚቃጠል ነገር ያንሣ፤ ከግድግዳው ወዲያና ከወለሉ በታች ያለውንም ይመልከት። ሥራው ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ይተው፤ ፍንጣሪ ተደብቆ ቆይቶ ይነሣልና።

ጉዳዩ በገጠርና በአነስተኛ ከተሞች ላሉ የዱቄት ፋብሪካዎች፣ የጥጥ መዳመጫዎችና የሰሊጥ ማበጠሪያዎችም ይሠራል። በእነዚህ ቦታዎች ቱቦው የሚስበው ቅባት ሳይሆን ብናኝ ነው። ጥሩ ደረቅ የዱቄት ብናኝ በአየር ላይ ተበትኖ ፍንጣሪ ካገኘ ይፈነዳል፤ ቱቦውም ፍንዳታውን ከማሽን ወደ ማሽን ይወስደዋል። ብናኙን በየጊዜው መጥረግ፣ የጋለ የማሽን ኩሽኔታ በወቅቱ መቀየር፣ የብረት ቱቦውን ከመሬት ጋር በኤሌክትሪክ ማገናኘት፣ ወፍጮው በሚሠራበት ሰዓት ደግሞ ብየዳ አለማካሄድ ከቀላል ጥንቃቄዎች መካከል ናቸው።

በሆቴል ወይም በእንግዳ ማረፊያ የሚያድር ሰው ቱቦውን ሊፈትሽ አይችልም፤ ይሁን እንጂ ራሱን ሊጠብቅ ይችላል። ከመተኛቱ በፊት ከክፍሉ እስከ ደረጃው ያሉትን በሮች ይቁጠር፤ በጭስ ውስጥ ዓይን ሳይሆን እጅ ነው የሚመራው። በኮርኒሱ ላይ ካለው የአየር መስኮት ጭስ ሲገባ ካየ መስኮቱን በእርጥብ ፎጣ ይድፈን፣ አየር ማቀዝቀዣውን ያጥፋ፣ ደረጃው ከጭስ ነጻ ከሆነ ዝቅ ብሎ ይውጣ፤ በአሳንሰር ግን አይጠቀም። ከክፍሉ ሲወጣ በሩን ዘግቶ ይሂድ። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን አጭር የጥሪ ቁጥር 939 ነው። በሌሎች ከተሞች የሚኖሩም የከተማቸውን የእሳት አደጋ ጥሪ ቁጥር አስቀድመው በስልካቸው ቢይዙ፣ ምግብ ቤቶችም በማድቤታቸው ግድግዳ ላይ ቢጽፉት ይጠቅማል።

ብስራተ ገብርኤልን በመሰሉ አካባቢዎች በየዓመቱ አዳዲስ ሕንፃዎች ይቆማሉ፤ በነባሮቹም አዳዲስ ማድቤቶች ይከፈታሉ። እያንዳንዱ አዲስ መሳቢያ አንድ አዲስ ቀዳዳ ማለት ነው። ቀዳዳው በተበሳበት ዕለት መድፈን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ በእሳት ሌሊት ግን ማንም ሊደፍነው አይችልም። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው የአበው ብሂል ከኮርኒስ በላይ ላለውም ቦታ ይሠራል።